የትከሻ ጅማት ሙሉ ለሙሉ ተቀዷል ተባልኩ፤ ልሰፋው ወይስ ስፖርቱ ይበቃኛል?

ጥቁር ሰሌዳ

ሰላም ለዚህ ቤት። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

58 ዓመቴ ነው። አስተማሪ ነኝ፣ ቀኝ እጄ ከትከሻ በላይ ሲሠራ ነው የሚውለው። ቀኝ ትከሻዬን ካመመኝ ከራርሟል። አልወደቅኩም፣ ከባድ ዕቃ አላነሳሁም፣ እንዲሁ ቀስ እያለ መጣና አሁን ጭራሽ በዚያ ጎን መተኛት አቃተኝ። ፀጉሬን ከኋላ መያዝ፣ ከላይኛው መደርደሪያ ዕቃ ማውረድ፣ እጄን ጃኬት እጅጌ ውስጥ ማስገባት ሁሉ ጣር ሆኗል። እጄ ግን ይነሳል። እያመመኝም ቢሆን እስከ ላይ ይደርሳል።

ኤምአርአይ ተነሳሁ። ውጤቱ ሱፕራስፓይናተስ የተባለው የሮቴተር ከፍ ጅማት ሙሉ ለሙሉ ተቀዷል፣ 1.5 ሳንቲ ሜትር ነው ይላል። «ሙሉ ለሙሉ» የሚለውን ሳነብ ጉልበቴ ከዳኝ። አንዱ ሐኪም «በቶሎ ካልተሰፋ ይብስብዎታል፣ እግረ መንገዳችንን ከላይ ያለውንም አጥንት እንሞርደዋለን» አለኝ። ሌላው «ምን አስቸኮለዎት፣ መጀመሪያ ፊዚዮቴራፒ ይሞክሩ» አለኝ። ሁለቱም የተማሩ፣ ሁለቱም እርግጠኛ። እኔ ሁለት ልብ ሆኜ ቀረሁ።

እገሌ ተሠርቶ ዳነ፣ እገሊት ተሠርታ ባሰባት የሚለውን እስኪበቃኝ ሰምቻለሁ። የምፈልገው ጥናት የሚያነብ ሰው ነው። የተቀደደ ነገር ሳይሰፋ እንዴት ነው የሚሻለው? አጥንት መሞረዱስ ይጠቅማል? ብጠብቅ ጊዜው ያልፍብኛል? መርፌም አለ ብለውኛል።

ሁለት ብሎን

እህቴ፣ እገሌ ዳነ የሚለውን አልፈልግም ብለሻል፣ ግን እኔ ራሴ እገሌ ነኝ፣ ምን ላድርግ :)

ከመሰላል ወድቄ እጄ እዚያው በዚያው አልነሳ አለ። አመመኝ ብቻ አይደለም፣ በሌላኛው እጄ ካልደገፍኩት ክንዴ ዱብ ይላል። ብዙም ሳይቆይ ተሰፋልኝ። ጅማቱን አጥንቱ ላይ የሚይዙ ሁለት ትንንሽ ብሎኖች አሉኝ፣ ስሜም ከዚያ ነው። ዛሬ ሙሉ ሰው ነኝ።

ቀላል ነው ግን አልልሽም። ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ክንድሽ በማንጠልጠያ ታስሮ ይከርማል፣ ሌሊት ግማሽ ተቀምጠሽ ነው የምትተኚው፣ ሸሚዝ የሚያለብስሽ ሰው ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ያው የምትሸሺው ፊዚዮቴራፒ አይቀርልሽም። ቢሆንም እኔን ከጠየቅሽኝ ተሰፊና ተገላገይ።

ማስረጃ አምጡ

ሁለት ብሎን፣ እንኳን ተረፍክ፣ ግን የአንተና የእሳቸው ጉዳይ ለየቅል ነው። አንተ ወድቀህ፣ ደህና የነበረ ጅማት በአንድ ቅጽበት ተበጥሶብህ፣ ክንድህ አልነሳ ብሎ ነው። የእሳቸው በጊዜ ብዛት የሳሳ ጅማት ነው፣ ክንዳቸውም ይነሳል። ከጥናቶቹ ብዙዎቹ እነዚህን ሁለት ዓይነት ሰዎች ለይተው ነው የሚያዩት፣ እኛም እዚህ ካልለየን የምንሰጠው ምክር ሁሉ ውሃ አያነሳም።

እትዬ፣ መጀመሪያ ያ «ሙሉ ለሙሉ» የሚለው ቃል አያስደንግጥዎ። ጅማቱ ለሁለት ተበጥሶ ወድቋል ማለት አይደለም። ቀዳዳው ከላይኛው ገጽ እስከ ታችኛው ይዘልቃል ማለት ነው። በዙሪያው ያለው የጅማቱ ክፍል አጥንቱን እንደያዘ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ሮቴተር ከፍ የአራት ጡንቻዎች ጅማት ነው፣ የእርስዎ ችግር ያለው አንዱ ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ ምንም ሳያማቸው የተቀደደባቸው ሰዎች ብዛት። በ1995 የወጣ የታወቀ ጥናት አለ፤ ትከሻቸውን አሟቸው የማያውቅ 96 ሰዎችን ኤምአርአይ አነሷቸው። ከሦስቱ አንዱ ገደማ በከፊልም ይሁን ሙሉ ለሙሉ የተቀደደ ጅማት ነበረው። ከ60 በላይ ከሆኑት ውስጥ ደግሞ ከግማሽ በላይ። ጃፓን ውስጥ የአንድ መንደር ነዋሪዎችን፣ 664 ሰው፣ በአልትራሳውንድ መርምረው በ2013 ያወጡት ጥናትም አለ፤ ከአምስት ሰው አንዱ ሙሉ ለሙሉ የተቀደደ ጅማት ነበረው፣ ከእነዚያም ውስጥ ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት ምንም አያማቸውም። እንደ ሽበት ያዩት፤ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ነው። ስለዚህ ፊልሙ ላይ ቀዳዳ ታየ ማለት ሕመሙ የግድ ከዚያ ቀዳዳ ነው ማለት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ሙን የሚባለው የትከሻ ሐኪሞች ቡድን ሳይወድቁ ጅማታቸው በተቀደደ ሰዎች ላይ የቀዳዳውን መጠንና የሕመሙን ልክ ሲያነጻጽር ዝምድና አላገኘም። ትልቅ ቀዳዳ ይዞ ብዙም የማያመው አለ፣ ትንሽ ይዞ እንቅልፍ የሚያጣ አለ።

አሁን ወደ አጥንት ሞረዳው። ይሄኛው ላይ ዝም ማለት አልችልም።

ሐሳቡ የመጣው ኒር ከሚባሉ አሜሪካዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው፣ በ1972። ከላይ ያለው አክሮሚዮን የተባለ አጥንት ክንድ በተነሳ ቁጥር ጅማቱን ይፈገፍገዋል፣ ስለዚህ አጥንቱን ከሥር ብንሞርደው ጅማቱ ያርፋል አሉ። ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ለአሥርት ዓመታት በዓለም ዙሪያ ስንቱ ትከሻ በዚህ ተሞረደ። ከዚያ እንግሊዝ ውስጥ ሲሶ የሚባል ጥናት ተሠራ፤ በ2018 ላንሴት መጽሔት ላይ ታተመ። 313 ሰው፣ 32 ሆስፒታል። ሰዎቹን በዕጣ ሦስት ቦታ መደቧቸው። አንደኛው ቡድን አጥንቱ ተሞረደ። ሁለተኛው ቡድን ማደንዘዣ ወሰደ፣ ቆዳው ተበሳ፣ ካሜራ ገባ፣ ሐኪሙ መገጣጠሚያውን ዞር ዞር ብሎ አየ፣ ምንም ሳይነካ ወጣ፣ ቆዳው ተሰፋ። ሦስተኛው ቡድን ምንም አልተደረገለትም። ከስድስት ወር በኋላ የተሞረዱትና የውሸት የተሠሩት እኩል ናቸው! ሁለቱም ምንም ካልተደረገላቸው በትንሹ ይሻላሉ፣ ግን ልዩነቱ በሽተኛው በኑሮው ልብ የሚለው ዓይነት አልነበረም። በዚያው ዓመት ፊንላንዶች 210 ሰው ይዘው ተመሳሳይ ነገር ሠሩ፣ ሁለት ዓመት ተከታተሉ፣ ሞረዳውና የውሸቱ አሁንም እኩል ወጡ። በ2019 ቢኤምጄ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው መመሪያ ለዚህ ዓይነት የትከሻ ሕመም ሞረዳው አይደረግ ብሎ በጠንካራ ቃል ጻፈ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ ሰው እንዳይሳሳት። እነዚህ ሁለት ጥናቶች ሙሉ ለሙሉ የተቀደደባቸውን ሰዎች አላካተቱም። ስለ እርስዎ ዓይነቱ የሚናገረው ሌላ የፊንላንድ ጥናት ነው፤ እሱ በልክዎ የተሠራ ያህል ነው። ዕድሜያቸው ከ55 በላይ፣ ሳይወድቁ ሱፕራስፓይናተሳቸው የተቀደደ፣ 180 ትከሻ። አንዱ ቡድን ፊዚዮቴራፒ ብቻ፣ ሁለተኛው ፊዚዮቴራፒና ሞረዳ፣ ሦስተኛው ፊዚዮቴራፒ፣ ሞረዳና ስፌት። በአንድ ዓመት፣ በሁለት ዓመት፣ ከአምስት ዓመት በኋላም ሲታይ በሦስቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት የለም።

ዝም ብዬ አንባቢ

ቆይ ቆይ። ሰውን አደንዝዞ ሳይሠሩለት ሠራንልህ ማለት ይፈቀዳል እንዴ? ይሄ ማታለል አይደለም?

ማስረጃ አምጡ

ቀድመው ያውቃሉ። «ከሦስቱ አንዱ ይደርስዎታል፣ ኦፕራሲዮን ከደረሰዎት ግን እውነተኛው ይሁን የውሸቱ አንነግርዎትም» ተብለው፣ ተስማምተው፣ ፈርመው ነው የሚገቡት። የሥነ ምግባር ኮሚቴም አይቶ ይፈቅዳል። እኔን ከጠየቅከኝ የሚያስነውረው ተቃራኒው ነው፤ ሳይፈተን ይህን ሁሉ ዓመት በሰው ላይ መሥራቱ።

የሌሊት ተረኛ

የአጥንት ቀዶ ሕክምና ሬዚደንት ነኝ። ማስረጃ አምጡ ስለ ሞረዳው ያለው ልክ ነው፣ አልከራከርም። ከስፌት ጋር ተደርቦ ሲሠራ እንኳን ከሞረዳ ጋርና ያለ ሞረዳ ያነጻጸሩ ጥናቶች በሕመምና በአቅም ላይ ልዩነት አላገኙም። እዚህ ላይ የእኛ ሙያ ለመቀየር ዘግይቷል፣ ይህን ማለት አያሳፍርም።

ስፌቱ ላይ ግን ነገሩን እንዲህ ጠቅልሎ መተው አይሆንም። የኖርዌዮቹ ጥናት ተዘሏል። 103 ሰው፣ ከ3 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ ቀዳዳ ያላቸው፣ ግማሹ ተሰፋለት፣ ግማሹ ፊዚዮቴራፒ ጀመረ። መጀመሪያ ላይ ልዩነቱ ትንሽ ነበር፣ የተሰፉት ጥቂት ይሻላሉ፣ ያን ያህል አይደለም። አምስተኛው ዓመት ላይ የትከሻውን ሕመምና አቅም በሚለካ ከ100 በሚታሰብ ነጥብ ልዩነቱ 5 ነበር። አሥረኛው ዓመት ላይ ወደ 10 ተጠጋ። እየሰፋ ነው የሄደው። ካልተሰፉት ቀዳዳዎች ውስጥም ከሦስት አንድ የሚበልጡት በአምስት ዓመት ውስጥ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ አድገዋል። እዚያ ጥናት ውስጥ ወድቀው የተጎዱም ስለነበሩበት ከፊንላንዱ ጋር ፊት ለፊት አይገጥምም፣ ቢሆንም ገና ብዙ ዓመት የሚሠራ ሰው ሲመጣብኝ ይሄ ጥናት ትዝ ይለኛል።

የምንፈራው ምንድነው? ጅማቱ ከአጥንቱ ሲላቀቅ ጡንቻው ሥራ ፈት ይሆናል። ሥራ የፈታ ጡንቻ ቀስ በቀስ ይከሳል፣ ውስጡ ስብ ይገባበታል። ስቡ በኤምአርአይ ይታያል። ጉታሊየ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪምና ባልደረቦቹ በ1994 በሲቲ ስካን ደረጃ አውጥተውለታል፣ እስካሁን የምንጠቀመው የእሱን ነው። ስቡ አንዴ ከበዛ ወደ ኋላ አይመለስም፣ ያኔ ቢሰፋም የመያዝ ዕድሉ ዝቅተኛ ነው። ስለዚህ እትዬ፣ ሪፖርትዎ ላይ ስለ ጡንቻው መክሳትና ስለ ስብ የተጻፈ ነገር ካለ ይፈልጉት። ከሳንቲ ሜትሩ ይልቅ እኔ መጀመሪያ የማነበው እሱን ነው።

የማይጠበቅበት ሁኔታ ደግሞ አለ። እንደ ሁለት ብሎን ወድቆ ወይም ተጎትቶ በዚያው ክንዱ አልነሳ ያለ ሰው። ከ40 ዓመት በላይ ሆኖ ትከሻው ለመጀመሪያ ጊዜ ወልቆ የተመለሰለትና ከዚያ በኋላ ክንዱ የደከመበት ሰው። እነዚህን ቶሎ ፊልም አንስተን በሳምንታት ውስጥ ነው መወሰን የምንፈልገው፣ ለወራት ፊዚዮቴራፒ ሞክር ብሎ መስደድ ልክ አይደለም።

ስፌቱ ራሱ ዋስትና የለውም፣ ይህንንም ላለመደበቅ። የእንግሊዙ ዩኬ አፍ ጥናት 273 ሰው ይዞ ከፍቶ መስፋትንና በካሜራ መስፋትን አነጻጸረ። ሁለቱ እኩል ሆኑ። የሚገርመው ሌላው ነው፤ ከተሰፉት 40 በመቶ ገደማ በዓመቱ በምስል ሲታዩ ስፌቱ አልያዘም ወይም እንደገና ተቀዷል። በ2004 የወጣ አነስተኛ የአሜሪካ ጥናት ውስጥ ደግሞ ትልልቅ ቀዳዳ ከነበራቸው 18 ሰዎች የ17ቱ መልሶ ተቀዷል።

ዝም ብዬ አንባቢ

17 ከ18? ታዲያ ለምን ይሠራል?

የሌሊት ተረኛ

አብዛኞቹ በዓመቱ ሕመማቸው ቀንሶ፣ ክንዳቸው ተነስቶ፣ ደስ ብሏቸው ነበር :) እንቆቅልሹ እሱ ነው። ስፌቱ የያዘለት ሰው በአማካይ ጉልበቱ ይሻላል፣ ያልያዘለትም ግን ከበፊቱ ይሻለዋል። ከፊሉ ከኦፕራሲዮን በኋላ የተሠራው ፊዚዮቴራፒ ነው፣ ከፊሉ ዕረፍቱ፣ ከፊሉ ጊዜው ራሱ። የቱ ምን ያህል እንደሆነ ነጥሎ ማውጣት ቀላል አይደለም።

ቀስ በቀስ

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ ዘግይቼ መጣሁ። እትዬ የጠየቁትን የመጀመሪያ ጥያቄ ማንም አልመለሰም፣ የተቀደደ ነገር ሳይሰፋ እንዴት ይሻለዋል የሚለውን።

ጅማቱ ራሱ ተመልሶ አጥንቱ ላይ አይገጥምም። ይህን በግልጽ ልናገር፣ ስፖርት ቀዳዳ ይደፍናል የሚልዎት ካለ አይስሙት። የሚሆነው ሌላ ነው። የቀሩት ሦስት ጡንቻዎችና ከላይ ያለው ትልቁ የትከሻ ጡንቻ ሥራውን ይከፋፈሉታል። የክንዱ አጥንት ጉድጓዱ መሃል ላይ ተረጋግቶ እንዲዞር ያደርጉታል። የተቆጣው አካባቢ ይበርዳል። ከዚያ ቀዳዳው እያለ ሕመሙ ይቀንሳል፣ ክንዱ ይሠራል። ከላይ የተጠቀሱት የጃፓን መንደር ሰዎች እንዲሁ ነው የሚኖሩት።

ምን ያህል ሰው ይሻለዋል? ሙን የተባለው ቡድን እንደ እርስዎ ሳይወድቁ ሙሉ ለሙሉ የተቀደደባቸውን 452 ሰዎች በፊዚዮቴራፒ አስጀመረ። በሁለት ዓመት ውስጥ ኦፕራሲዮን የመረጡት ከ25 በመቶ በታች ናቸው። የመረጡትም በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት ነው የወሰኑት፣ ያንን ያለፈ ሰው ብዙ ጊዜ በዚያው ይቀጥላል። ማን ወደ ኦፕራሲዮን ይሄዳል ብለው ሲፈልጉ ደግሞ የቀዳዳው ስፋት አልነበረም ትልቁ ምክንያት። ገና ሲጀምሩ «ፊዚዮቴራፒ ምንም አይጠቅመኝም» ብለው የገቡት ናቸው። እኔ ይህን ውጤት በየቀኑ ነው ፊት ለፊቴ የማየው። ጭንቅላቱ ከማይፈልገው ሰው ጋር የስፖርት ላስቲክ ብንጎትት ብንጎትት ጠብ የሚል ነገር የለም።

ሙያዬን ላለማጋነን ደግሞ ግራስፕ የሚባለውን ጥናት ልጥቀስ። እንግሊዝ፣ 708 ሰው፣ ላንሴት 2021። አንዱ ቡድን እስከ ስድስት ጊዜ ከፊዚዮቴራፒስት ጋር እየተገናኘ እየከበደ የሚሄድ እንቅስቃሴ ሠራ። ሌላው አንድ ጊዜ ብቻ ተገናኝቶ፣ በደንብ ተመክሮ፣ የሚሠራው ታይቶለት ቤቱ ሄደ። በዓመቱ ልዩነት የለም። ስለዚህ በየሳምንቱ እየመጡ ተኝተው ሙቀት ቢደረግልዎት፣ ማሽን ቢለጠፍልዎት፣ ዋናው ሥራ እሱ አይደለም። ዋናው ሥራ ቤትዎ የሚሠሩት ነው። አንድ ጊዜ የሚያውቅ ሰው በትክክል ካሳየዎት ብዙ ርቀት ይሄዳሉ።

ለምሳሌ አንዱን ላሳይዎት። ላስቲኩን በተዘጋ በር እጀታ ላይ ይቋጥሩ። በርዎን በጎንዎ አድርገው ይቁሙ፣ የሚያመው ክንድ ከበሩ ራቅ ያለው ይሁን። ክርንዎን 90 ዲግሪ አጥፈው ይያዙ። ትንሽ ፎጣ ጠቅልለው ክርንዎና የጎን አጥንትዎ መካከል ያስገቡ። ፎጣው ከወደቀ ክርንዎ ከጎንዎ ሸሽቷል ማለት ነው፣ ስህተትዎን ራሱ ይነግርዎታል። አሁን ላስቲኩን ይዘው እጅዎን ከሆድዎ ወደ ውጭ ቀስ ብለው ያዙሩ፣ ትንሽ ይያዙት፣ ሲመልሱት ደግሞ ከወሰዱት ይበልጥ ቀስ ይበሉ። ላስቲኩ ጎትቶ እንዲመልስዎ አይፍቀዱለት። አንጓዎ አይታጠፍ፣ ትከሻዎ ወደ ጆሮዎ አይውጣ። ሰው ሁሉ የሚያበላሸው እዚያ ላይ ነው፣ ሲደክመው ትከሻውን ይሰቅላል።

ሕመም ይኖራል። ከ10 አራት አምስት ድረስ ቢያመዎትና በማግሥቱ ወደ ነበረበት ቢመለስ ይቀጥሉ። በማግሥቱ ብሶ ካደረ ላስቲኩን ያቅልሉ ወይም ቁጥሩን ይቀንሱ፣ አያቁሙ። ውጤቱን ከ12 ሳምንት በፊት አይፍረዱት። ሦስት ሳምንት ሠርቶ «ሞከርኩት፣ አልሆነም» የሚል ሰው እስካሁን አልሞከረውም።

ጥቁር ሰሌዳ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። በአንድ ቀን ይህን ያህል እማራለሁ ብዬ አልጠበቅኩም።

ሪፖርቱን አውጥቼ አየሁት፤ የሌሊት ተረኛ ያልከው ስብ «የለም» ይላል፣ ጡንቻውም አልከሳም። ይሄ ጥሩ ነው መሰለኝ?

ሁለት ነገር ቀረኝ። መርፌውን ማንም አላነሳም፣ እኔ ደግሞ ስኳር አለብኝ። በተጨማሪ አንድ ዘመዴ «ከራስሽ ደም ወስደው የሚወጉት አለ፣ ጅማት ያበቅላል» አለኝ፣ ሌላው ደግሞ ፊኛ የሚከተት ነገር አለ ይላል። ፊኛ!

የሌሊት ተረኛ

አዎ፣ በጣም ጥሩ ነው። ጊዜ አለዎት ማለት ነው፤ ጥቂት ወር ቢሞክሩ በር አይዘጋብዎትም።

መርፌው፦ ኮርቲዞን ነው። ግራስፕ እሱንም ፈትኖታል፣ ከሰዎቹ ግማሹ ተወግቷል። ስምንተኛው ሳምንት ላይ የተወጉት ትንሽ ተሽሏቸው ነበር፣ ዓመቱን በሙሉ ሲታይ ግን ልዩነት አልነበረም። ስለዚህ ሕመሙ እንቅልፍ ከልክሎዎት እንቅስቃሴውን መጀመር ካልቻሉ አንድ ጊዜ ወስደው በሩን መክፈት ይቻላል። በየጥቂት ወሩ መደጋገሙን ግን አልወደውም፣ መርፌ በበዛበት ጅማት ላይ በኋላ የሚደረግ ስፌት ተመልሶ የሚሠራበት አጋጣሚ ከፍ ያለ ነው። ኦፕራሲዮን ካሰቡ ደግሞ ከእሱ በፊት ባለው አንድ ወር ውስጥ አይወጉ፣ የኢንፌክሽን ስጋት ይጨምራል። ስኳርዎ በመርፌው ሰሞን ለጥቂት ቀናት ከፍ ሊል ይችላልና የሚወጋዎት ሐኪም ይወቅ፣ ቤትዎም ቶሎ ቶሎ ይለኩ። ስኳር የጅማቱን ፈውስም ያዘገያል፤ ቢሰፉም ባይሰፉም እሱን መቆጣጠር የሕክምናው አካል ነው። ሲጋራም እንዲሁ፣ እርስዎ ባያጨሱም ለሌላው አንባቢ።

ከደም የሚወሰደው ፕላዝማ፦ ጥናቶቹ ትንንሽ ናቸው፣ እርስ በርስም ይጋጫሉ፣ የሚያዘጋጁበትም መንገድ አንድ ዓይነት አይደለም። ጅማት ያበቅላል የሚለው የተረጋገጠ ነገር አይደለም።

ፊኛው፦ አለ። ሊሰፋ የማይችል ትልቅ ቀዳዳ ላላቸው ሰዎች የታሰበ ነው፣ ለእርስዎ አይነሳም። እንግሊዞች በ117 ሰው ላይ ፈትነው በ2022 አወጡት። ጥናቱን ሳይጨርሱ አቆሙት፣ ምክንያቱም ፊኛ የገባላቸው መገጣጠሚያቸው ታጥቦና ተጠርጎ ብቻ ከተዘጋላቸው ሰዎች አንሰው ተገኙ።

ሁለት ብሎን

እሺ፣ ተረታሁ፣ ለእሷ ላስቲኩ ይሁን። ግን አንድ ጥያቄ ለሬዚደንቱ። ብትሠራ ብትሠራ ባይሻላት፣ እዚያው ቀርታ ጊዜ እንዳታባክን በምን ታውቃለች?

ቀስ በቀስ

ከእሱ በፊት እኔ ልግባ። ከ12 ሳምንት እውነተኛ ሥራ በኋላ ሌሊት ያው እየነቁ፣ ቀን ያው እየተቸገሩ ከሆነ ተመልሶ መነጋገር ነው። እሱም ውድቀት አይባልም።

ሌላ ደግሞ፣ ክንድዎ በራሱ ብቻ ሳይሆን ሌላ ሰው ሲያነሳው፣ በተለይ ክርንዎ ጎንዎ ላይ ሆኖ ወደ ውጭ ሲያዞረው ጭምር አልሄድ ካለ፣ ያ የደረቀ ትከሻ የሚባለው ነው። ሌላ በሽታ ነው፣ ሌላ መንገድ አለው፣ ስኳር ያለባቸው ሰዎች ላይ ደግሞ ይበዛል። ቶሎ ይታዩ።

የሌሊት ተረኛ

ልክ ብላለች። እኔ የምጨምረው ክንዱ ከሕመሙ ውጭ ድካም ሲያመጣ ነው፤ በፊት የሚያነሱትን ነገር አሁን ባያምዎትም ማንሳት ካቃተዎት። ወይም በመሃል ወድቀው የክንድዎ ሁኔታ በአንድ ጊዜ ከተለወጠ። እነዚያን አይጠብቁ፣ 12 ሳምንቱንም አይቁጠሩ።

ወደ ሐኪሙ ሲመለሱም እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ ይህ ቀዳዳ ቢሰፋ በእኔ ዕድሜና በእኔ ስኳር የመያዝ ዕድሉ ምን ያህል ነው? ሞረዳው ለምን አስፈለገ? ስድስት ወር ብጠብቅ የማጣው ምንድነው? ጥሩ ሐኪም በጥያቄው አይቆጣም።

ጥቁር ሰሌዳ

ጻፍኩት። ላስቲኩን ልጀምር ነው፣ መርፌውን ለጊዜው አልፈልገውም። ሰሌዳው ላይም ከትከሻዬ በታች ባለው ክፍል ልጽፍ ነው፣ ተማሪዎቹ ከኋላ ካልታያቸው ወደ ፊት ይምጡ።

የመጨረሻ ጥያቄ፦ ቀዳዳው ማደግ አለማደጉን ለማወቅ በየጊዜው ኤምአርአይ መነሳት አለብኝ?

የሌሊት ተረኛ

አያስፈልግም። ሙሉ ለሙሉ የተቀደደን ለማየት አልትራሳውንድ በሚያውቅበት ሰው እጅ ከኤምአርአይ አያንስም። ማደጉ በጣም የተለመደ ነው፣ ምንም የማያማቸውን 224 ሰዎች ለዓመታት የተከታተለ የአሜሪካ ጥናት ላይ ግማሽ ያህሉ ቀዳዳ አድጎ ነበር፣ የሚያድገው ግን በዓመታት እንጂ በሳምንታት አይደለም። ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ አንዴ በአልትራሳውንድ ቢታዩ ይበቃል። የዛሬውን ሲዲ አይጣሉት፣ ያኔ የሚነጻጸረው ከእሱ ጋር ነው።